ስለ ጠማማ ጥርስ መቃናትና ቀንቶ ስለ መቆየቱ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን፥ በተለይም በወጣቶች አፍ ውስጥ፥ በጥርስ ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ብረቶችንና በእነርሱ መካከል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦን ማየት የተለመደ ሆኗል። ሕዝቡ ነገሩን «ብሬስ» ወይም «የጥርስ ሽቦ» ብሎ ይጠራዋል። ስለ ጥቅሙም ስለ ጕዳቱም የሚወራው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ የሀብታም ልጆች ጌጥ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥርስን አነቃንቆ በስተርጅና ያረግፋል ብሎ ይፈራዋል። ከመምህራንም አንዳንዶቹ ሽቦ ያደረገ ተማሪ በክፍላቸው ሲያጋጥማቸው ምን ሊያደርጉለት እንደሚገባ ጠይቀውናል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ሽቦው ምን እንደሚሠራ፥ ያደረገው ሰው ከእርሱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፥ ይልቁንም ሽቦው ከወለቀ በኋላ የሚመጣውንና ብዙዎች የሚዘነጉትን ነገር ለመግለጽ አሰብን።

ይህ የሕክምና ክፍል «ኦርቶዶንቲክስ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ነው፤ «ኦርቶስ» ማለት ቀጥተኛ፥ ርቱዕ ማለት ሲሆን «ኦርቶዶክስ» በሚለው ቃል መነሻ የምናገኘውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ክፍል ጥርስን ያመለክታል። ጥበቡም የትናንት አይደለም። የፈረንሳዩ የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ ጠማማ ጥርሶችን በክር እያሰሩ ወደ አንድ ስስ የብረት ዝርግ ስለ መሳብ ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ በ1899 የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አገጣጠም ጕድለቶችን በሦስት ክፍል መደባቸው፤ አከፋፈሉም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። በአንግል ዘመን ሽቦ የሚደረግለት ሰው እያንዳንዱ ጥርሱ በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ ሐኪም የጥርስን ገጽ በአሲድ ጥቂት በማሻከር ማጣበቂያ እንዲይዘው ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ግን «ብራኬት» የሚባለውን ትንሽ ብረት በቀጥታ ጥርስ ላይ መለጠፍ ተቻለ። ዛሬ የምናየው ሽቦ ከዚህ የመጣ ነው።

ጥርስ በመንጋጋ ውስጥ እንዴት እንደ ተያዘ

ብዙ ሰው ጥርስ እንደ ምሰሶ በአጥንት ውስጥ የተቀበረ ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ያለ ስብራት ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን የጥርሱ ሥር ከአጥንቱ ጋር አይነካካም። በመካከላቸው ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም አንዱ ጫፋቸው በጥርሱ ሥር፥ ሌላው ጫፋቸው በአጥንቱ ላይ በተያያዘ ጥቃቅን ጅማቶች የተሞላ ነው። የጠፍር አልጋን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በአልጋው ላይ የተኛው ሰው የአልጋውን እንጨት ሳይነካ በጠፍሩ ላይ እንደሚያርፍ፥ ጥርስም ምግብ በሚያኝክበት ጊዜ በእነዚህ ጅማቶች ላይ ያርፋል።

ሽቦው ጥርሱን ወደ አንድ ወገን በዝግታ ሲገፋው በተገፋበት በኩል ያለው ጅማት ይጨመቃል፤ በወዲያኛው በኩል ያለው ደግሞ ይወጠራል። ያን ጊዜ በተጨመቀው ወገን አጥንትን የሚያፈርሱ ሴሎች ይሰበሰቡና አጥንቱን ጥቂት በጥቂት ያነሡታል፤ በተወጠረው ወገን ደግሞ አጥንትን የሚሠሩ ሴሎች የተለቀቀውን ስፍራ በአዲስ አጥንት ይሞሉታል። እንግዲህ ሽቦው የሚሰጠው ምልክት ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የሰውየው አካል ራሱ ነው። የጥርሱም ጕዞ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚፈጀው ስለዚህ ነው።

ሽቦ ያደረጉ ሰዎች ሐኪማቸውን «ቶሎ እንዲያልቅልኝ ጠበቅ ያድርጉልኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ኀይሉ ሲበዛ በጅማቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ፤ ደም ያልደረሰው የጅማት ክፍል ይሞታል፤ አፍራሾቹም ሴሎች ወደ ስፍራው በቶሎ መድረስ ስለማይችሉ የጥርሱ ጕዞ ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። ከዚህም የባሰው የጥርሱ ሥር ከጫፉ ተበልቶ ሊያጥር መቻሉ ነው። ሽቦ ጥርስን ያነቃንቃል ለሚሉትም መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ በሕክምናው ጊዜ ጥርስ ጥቂት መላላቱ እውነት ነው፥ የማይቀርም ነው፤ አጥንቱ ሲጠነክር ግን ጥርሱ መልሶ ይጸናል።

ማን ያስፈልገዋል? ማንስ አያስፈልገውም?

ጥርሱ ጥቂት የተዛነፈ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1989 የወጣ አንድ የመመዘኛ ሠንጠረዥ የጥርስ ማቅኛ ሕክምና አስፈላጊነትን በአምስት ደረጃ ይከፍላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የሚገኙ ልጆች በመንግሥት ወጪ አይታከሙም። በአምስተኛው ደረጃ የሚገኙት ግን፥ ለምሳሌ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከታችኛው ከ9 ሚሊሜትር በላይ ወደ ፊት የወጣ ልጅ፥ ወይም ጥርሱ በአጥንት ውስጥ ታግዶ መውጣት ያቃተው ልጅ፥ ሕክምና በጣም ያስፈልጋቸዋል። ገጣጣ የሚባለው ልጅ ችግሩ መልክ ብቻ አይደለም፤ ከንፈሩ ስለማይሸፍናቸው፥ ሲወድቅ ወይም ኳስ ሲመታው መጀመሪያ የሚሰበሩት እነዚያ ጥርሶቹ ናቸው። ጥርሶች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ከሆነም በመካከላቸው ያለውን ቆሻሻ ማጽዳት ስለሚያስቸግር ድድ ይታመማል።

ፍንጭትን በተመለከተ ግን ሐሳባችንን በግልጽ እንናገራለን። በላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በአገራችን እንደ ውበት ሲቈጠር የኖረ ነው፤ ሌላ ችግር ከሌለ በቀር በጤናም በኩል የሚነቀፍበት ነገር የለውም። በውጭ አገር ሥዕል አይተው ፍንጭታቸውን ለመዝጋት ገንዘብ የሚያወጡ ወጣቶች ሲገጥሙን አዝነናል። የራሳቸው ጥርስ ነውና መከልከል አንችልም፤ ነገር ግን በፈቃዳቸው የሚያደርጉትን በሐኪም እጅ ብቻ እንዲያደርጉት አጥብቀን እንለምናለን። ይህን የምንልበት ምክንያት አለን።

አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ከአባቷ ጋር ወደ ቢሯችን መጥታ ነበር። አባቷ መምህር ናቸው። ልጅቱ ፍንጭቷን ለመዝጋት፥ በስልክ ያየችውን ተከትላ፥ ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን በአንዲት ትንሽ ላስቲክ አሰረቻቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፍንጭቱ ተዘጋ። ላስቲኩም አንድ ቀን ጠፋ፤ እርሷ በእንቅልፏ የዋጠችው መስሏት ደስ ብሏት ዝም አለች። ነገር ግን አልተዋጠም። የጥርስ ሥር እንደ በሬ ቀንድ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ላስቲኩ እየተንሸራተተ በድዱ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ በሄደበትም ሁሉ ያንን ጥርስ የሚይዘውን ጅማት ይቈርጥ፥ አጥንቱንም ያስበላ ነበር። በአምስተኛው ወር ጥርሶቹ ረዝመው ይነቃነቁ ጀመር፤ ድዷም ይደማ ነበር። ወደ ጥርስ ሐኪም ልከናት ድዷ ተከፍቶ ላስቲኩ ወጣ። ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ከጎረቤቶቹ ጋር ታስሮ ተረፈ፤ ሌላውን ግን ማዳን አልተቻለም።

አባቷ ሲነግሩን «ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ማድረግ ከጀመረች ወራት ሆኗታል፤ እኔ ግን ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር» አሉ። ስድሳ ልጅ በክፍላቸው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። እኛም ምንም የምንመልስላቸው ቃል አላገኘንም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አደጋም አለ። በታይላንድና በኢንዶኔዥያ ለጌጥ ብቻ የሚለጠፍ ሐሰተኛ ሽቦ በውበት ቤቶችና በገበያ ሲሸጥ ቆይቶ የየአገሩ የጤና ባለሥልጣኖች ብዙ ተቸግረውበታል። ሽቦ የሚያስርላችሁ ሰው የጥርስ ሐኪም ለመሆኑ የሥራ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጥርስ ለምን ይጣመማል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ዘር ነው፤ ልጅ የአባቱን ሰፊ ጥርስ ከእናቱ ጠባብ መንጋጋ ጋር ሊወርስ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ከዘር አይደለም። «ይወድቃል» ተብሎ ችላ የተባለ የወተት ጥርስ ተበልቶ ያለ ጊዜው ሲነቀል፥ ከጎኑ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ስፍራ ይዘማሉ፤ ቋሚው ጥርስም ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ጣቱን የሚጠባ ልጅም ቋሚ ጥርሶቹ ከወጡ በኋላ ካልተወ የፊት ጥርሶቹን ወደ ፊት ይገፋቸዋል።

በአገራችን ደግሞ ግግ የማስቧጠጥ ልማድ አለ። ሕፃኑ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፥ ገና ባልወጣው የክራንቻ ጥርስ ላይ ያበጠው ድድ የበሽታው መንሥኤ ነው ተብሎ በስለት ይፈለፈላል። የሚወጣው ነጭ ነገር ትል ወይም መግል ሳይሆን ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም እዚያው አጠገቡ ስለሚገኝ አብሮ ይጐዳል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ በዚያ አገር የሚገኙ የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ባደረጉት ምርመራ የክራንቻ ጥርሳቸው የጠፋ፥ አጠገቡ ያለውም ጥርስ የተበላሸ ልጆች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ሕፃኑን በስለቱ ደም ከሚመርዘው፥ ከሚያደማውና ከሚገድለው አደጋ ሌላ፥ ከሞት የተረፈው ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጠማማ አፍ ይዞ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጥርስ ሽቦም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያክመውም፤ የሌለ ጥርስ አይቀናምና።

የአሜሪካ የጥርስ ማቅኛ ሐኪሞች ማኅበር ልጆች እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ይመክራል። መመርመር ማለት ግን ሽቦ ማሰር ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሕክምና የሚጀመረው ቋሚ ጥርሶች ተሟልተው በሚወጡበት፥ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ድዱ ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ የጐለመሰ ሰውም ጥርሱን ሊያቀና ይችላል።

ከሽቦ ጋር ስለ መኖር

ሽቦው በታሰረበትና በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ በሚስተካከልበት ጊዜ ሁሉ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሕመም ይኖራል። ይህ የተጨመቀው ጅማት ሕመም ነውና አያስደነግጥም። በእነዚያ ቀናት አጥሚት፥ ሾርባ፥ ገንፎ፥ በወጥ የራሰ ፍትፍት መብላት ያሻል። ብረቱ ከንፈርን ወይም ጕንጭን ሲያቈስል ሐኪሙ የሚሰጠውን ሰም አድቦልቡሎ በብረቱ ላይ መለጠፍ፥ አፍንም ለብ ባለ የጨው ውሃ መጕመጥመጥ ይጠቅማል።

ዋናው ችግር ምግብ ነው፤ ከምግቦቻችንም ሁሉ የሽቦ ጠላት ቆሎ ነው። አንዲት የሽምብራ ፍሬ ብራኬትን ከጥርስ ለማላቀቅ ትበቃለች። ዳቦ ቆሎም፥ ሸንኮራ አገዳም፥ አጥንት መጋጥም እንዲሁ ነው። የበቆሎ እሸት ጥብስ የሚወድ ሰው ፈልፍሎ በጐን ጥርሱ ቢያኝከው ይሻላል። ፈንዲሻ ለስላሳ ቢመስልም ቅርፊቱ በብራኬቱና በድዱ መካከል ገብቶ ድድን ያሳብጣል። ማስቲካና ከረሜላም ይቅር። እንግዳ ሆነው በሄዱበት ቤት ቡና ተፈልቶ ቆሎው ሲዞር «አልፈልግም» ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ብራኬት በተነቀለ ቍጥር ሕክምናው በሳምንታት እንደሚዘገይና ለጥገናው ገንዘብ እንደሚወጣ ለባለቤቲቱ ቢያስረዷት የምትቀየም አይመስለንም።

ጽዳቱን በተመለከተ ግን ማባበል አንፈልግም። ሽቦ አድርጎ ጥርሱን በደንብ የማያጸዳ ሰው ሽቦውን ባያደርግ ይሻለው ነበር። ምግብ በብራኬቱ ዙሪያ ተጠራቅሞ ሲቀር ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ገጽ ይበላዋል። በአራት ሳምንት ብቻ በጥርስ ላይ ነጭ ነጥብ ሊታይ ይችላል። ሽቦው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወልቅ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው፥ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በብራኬቱ ቅርጽ ዙሪያ ነጭ ወይም ቡና ዓይነት ጠባሳ ይዘው የሚገኙባቸው ሰዎች አሉ። ጠባሳው እንደ ሽቦው አይወልቅም።

ስለዚህ ከምግብ በኋላ ሁሉ መቦረሽ ይገባል። ብሩሹን አንድ ጊዜ ከብራኬቱ በላይ፥ አንድ ጊዜ ከብራኬቱ በታች ወደ ድዱ አዘንብሎ ማሸት፥ በሽቦው ሥር ደግሞ ጠርሙስ ማጠቢያ በሚመስለው ትንሽ ብሩሽ ማጽዳት ነው። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ይሁን፤ መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ተብሎ በሽፋኑ ላይ ይጻፋል። ከቦረሹ በኋላ አፍን በብዙ ውሃ መጕመጥመጥ መድኀኒቱን ያጥበዋልና አረፋውን መትፋት ብቻ ይበቃል። የአባቶቻችን መፋቂያ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ እኛም አናጣጥለውም። ነገር ግን በሽቦ ሥር ሊገባ አይችልም፤ ጠንክሮ ቢፋቁበትም ሽቦውን ያጣምማል። ሽቦው እስኪወልቅ በጥርሱ የውስጥ ገጽ በኩል ብቻ ቢጠቀሙበት ይሻላል።

በስምጥ ሸለቆ፥ እንደ ወንጂ ባሉ ስፍራዎች፥ በጕድጓድ ውሃ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ከፍሎራይድ ብዛት የተነሣ የሚቀላው የጥርሱ ገጽ ስለሚለወጥ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ማጣበቂያው በቀላሉ አይይዝም። ያደጉበትን ስፍራ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ድካም ያድናል።

ለመምህራን የምንለው አጭር ነው። ሽቦ ያደረገ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት አነጋገሩ ይኰላተፋል፤ ያን ጊዜ ከክፍሉ ፊት አቁሞ ማስነበብ ጭካኔ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ምላሱ ይለምደዋልና እንደ ሌሎቹ ያንብብ። ለምሳ ከበላ በኋላ ጥርሱን የሚቦርሽበት አምስት ደቂቃና ውሃ ያግኝ። የሽቦው ጫፍ ወጥቶ ጕንጩን ከወጋው፥ ንጹሕ በሆነ የእርሳስ ላጲስ ጫፉን ወደ ጥርሱ መግፋት፥ ካልሆነም በሰም ወይም በንጹሕ ጥጥ መሸፈን ይቻላል፤ መቈረጡ የሐኪም ሥራ ነው። የተነቀለ ብራኬት ቢውጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር በሆዱ ያልፋል፤ ነገር ግን ሳል ከያዘው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ሽቦው ከወለቀ በኋላ

ሽቦው የወለቀለት ሰው በመስተዋት ፊት ቆሞ ምላሱን በጥርሱ ላይ ሲያሽከረክር ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አጥንቱ አዲስና ገና ያልጠነከረ ነው። በድዱ ውስጥ ያሉት ጅማቶች ደግሞ ጥርሱ ሲዞር አብረው ተጠምዝዘው እንደ ተወጠረ ላስቲክ ወደ ቀድሞ ስፍራው ይስቡታል፤ ከአዲሱ ቦታ ጋር እስኪስማሙ ድረስ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ይወስድባቸዋል። ከዚያም በኋላ ከንፈርና ምላስ ዘወትር ይገፋሉ፤ መንጋጋም ከዕድሜ ጋር ይለወጣል፤ ሽቦ አድርጎ የማያውቅ ሰው እንኳ በአርባ ዓመቱ የታችኛው የፊት ጥርሱ ከበፊቱ ተጣብቦ ያገኘዋል።

በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፥ አራት ጥርስ ተነቅሎላቸው በሽቦ የታከሙና መያዣ መጠቀም ካቆሙ ቢያንስ አሥር ዓመት የሆናቸውን 65 ሰዎች መርምረው በ1981 ባሳተሙት ጥናት፥ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የታችኛው የፊት ጥርሳቸው መልሶ ተዛንፎ መገኘቱን ጽፈዋል። የታከሙት በመጥፎ ሐኪም አልነበረም። መያዣው የቀረ ጊዜ ጥርሱ ወደ ልማዱ ተመለሰ እንጂ።

መያዣው «ሪቴይነር» ይባላል፤ ዓይነቱም ሦስት ነው። አንደኛው ላንቃን የሚሸፍን ፕላስቲክና በፊት ጥርሶች ላይ የሚያልፍ ሽቦ ያለው፥ በአፍላቂው በቻርልስ ሆውሊ ስም የሚጠራው ነው። ሁለተኛው እንደ መስተዋት ጥርት ያለና በጥርሶቹ ልክ የተቀረጸ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሦስተኛው በፊት ጥርሶች የውስጥ ገጽ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ቀጭን ሽቦ ሲሆን፥ የማይረሳና የማይጠፋ በመሆኑ ለዝንጉ ሰው ይመረጣል፤ ነገር ግን በዙሪያው ቆሻሻ እንዳይጠራቀም በጥንቃቄ መጽዳት አለበት፤ አንዱ ጫፍ ቢላቀቅም ሰውየው ሳያውቅ ጥርሱ ሊዞር ስለሚችል በየጊዜው መታየት ያሻዋል። የሚወልቁትን ሁለቱን አብዛኞቹ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንና ሌሊት፥ ከምግብ ጊዜ በቀር፥ ከዚያም በየሌሊቱ እንዲደረጉ ያዝዛሉ። እስከ መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ የዛሬው መልስ፥ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲኖር እስከ ተፈለገበት ጊዜ ድረስ የሚል ነው።

በዚህ ነገር እኛ ራሳችን በደለኞች ነበርን። በእንግሊዝ አገር ስንማር፥ በሃያ አራት ዓመታችን፥ ተደራርበው ያስቸግሩን የነበሩትን የታች ጥርሶቻችንን በአንድ የጥርስ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ክሊኒክ አስቀናናቸው። ሃያ ወር ፈጀ። ያን ሁሉ ወር የታዘዝነውን ሳናጓድል ፈጸምን፤ ቆሎ ከአገር ቤት ሲላክልን ለጓደኞቻችን አደልን። ጥርት ያለውን መያዣ በተቀበልን በአራተኛው ወር ግን በተማሪዎች ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ ከአፋችን አውጥተን በናፕኪን ጠቀለልነው፤ ከዚያም ናፕኪኑን ከትሪው ጋር መልሰን ሄድን። ስናስታውሰው የቆሻሻው መኪና አልፎ ነበር። አዲስ ማሠሪያው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ያንን ደግ ሐኪም «ጣልነው» ማለት አሳፈረን። ጥርሶቻችን እንደሆነ ቀንተዋል ብለን ራሳችንን አታለልን። በዚያው ዓመት ስለ አጥንት መፍረስና መሠራት ተፈትነን ጥሩ ነጥብ ማግኘታችንን ስናስበው ዛሬም ያስቀናል፤ የተማርነው ለወረቀት እንጂ ለአፋችን አልነበረም።

በስምንተኛው ወር አንዱ የታች ጥርስ ጐኑን አዙሮ ጎረቤቱን ተደግፎ አገኘነው። መልሶ ለማቅናት ሰባት ወር ሽቦ ማሰርና የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ማውጣት ግድ ሆነብን። ሐኪሙም አልተቈጣንም፤ «መያዣው በጠፋ በነጋታው ብትመጣ ኖሮ ሃያ ደቂቃ ይበቃን ነበር» ብቻ አለን።

ስለዚህ መያዣ ያለው ሰው ጠንካራ ሣጥኑን ከኪሱ ወይም ከቦርሳው አይለየው፤ ከአፍ የወጣ መያዣ ወደ ሣጥኑ እንጂ ወደ ናፕኪን፥ ወደ ኪስ፥ ወይም ወደ ትራስ ሥር አይግባ። ውሻ ያለበት ቤትም ይጠንቀቅ፤ ውሾች የሰው ምራቅ ሽታ ስለሚስባቸው መያዣ ማኘክ ይወዳሉ። በየቀኑ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ «ጀርሙ ይሙት» ተብሎ በፈላ ውሃ የተነከረ፥ ወይም ፀሐይ ላይ የተሰጣ ፕላስቲክ ተጣምሞ ከጥርሱ ጋር አይገጥምም። ሕክምናው ከመጀመሩ አስቀድሞ መያዣው በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን፥ ቢጠፋም ማሠሪያው ስንት እንደ ሆነ ጠይቆ ማወቅ ለወላጆች ይጠቅማል፤ ብዙ ቤተ ሰብ ለሽቦው ያለ የሌለ ገንዘቡን ጨርሶ ለመያዣው ሲቸገር አይተናል።

መያዣው የጠፋበት ወይም የተሰበረበት ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ለጥቂት ቀናት ትቶት መልሶ ሲያደርገው ጠበብ ብሎ ቢጫነው፥ ነገር ግን እስከ መጨረሻው የሚገባ ከሆነ፥ ቀንና ሌሊት እያደረገ ይቆይ፤ በጥቂት ቀን ይለቀዋል። ጨርሶ የማይገባ ከሆነ በኀይል አይጫነው፤ ጥርሱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነውና መያዣውን በሣጥኑ ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ።